ግማሽ ጋሪ እየጎተተ የተመለሰው ፕሮፌሰር

ስለ ደቡብ ዋልታ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ የሩጫ ታሪክ ነው። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ቀድሞ ደረሰ። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ከአንድ ወር በኋላ ሲደርስ የቀዳሚውን ባንዲራ ተተክሎ አገኘው፤ ሲመለስም እሱና አራት ጓደኞቹ በብርድና በረኀብ አለቁ። አንዱ አሸነፈ፤ ሌላው ተሸነፈ። ታሪኩ እንደ ኳስ ጨዋታ ውጤት ያለው በመሆኑ ለመተረክም ለማስታወስም ይመቻል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በዚያው ዘመንና በዚያው አህጉር፣ ሩጫው ውስጥ ያልገባ አንድ ሦስተኛ ሰው ነበር። ዳግላስ ሞውሰን ይባላል። ስኮት ራሱ አብሮት እንዲዘምት ጠይቆት ነበር። ሞውሰንን ግን የዋልታው ነጥብ አላጓጓውም። እሱ ማየት የፈለገው ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ ፊት ለፊት የተዘረጋውን፣ በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየውን የባሕር ዳርቻ ነበር። ስለዚህ ግብዣውን ሳይቀበል ቀረና የራሱን ጉዞ አሰናዳ። ከዚያም ጉዞ፣ ሦስት ሆነው ከወጡት መካከል እሱ ብቻውን፣ ግማሽ ጋሪ እየጎተተ ተመለሰ።

ይህን ሰው ለአንባቢ ላስተዋውቅ የተነሣሁት በጀብዱው ብቻ ተማርኬ አይደለም። ጀብዱው በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ እተርከዋለሁ። ይበልጥ የሚያብሰለስሉኝ ግን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሁለት ጓደኞቹን በበረዶ ውስጥ ቀብሮ የተመለሰን መሪ በምን ሚዛን እንመዝነዋለን? ደግሞስ ከዚያ በኋላ በኖረባቸው አርባ አምስት ዓመታት ምን ሠራ? የጀብዱ ታሪክ ጸሐፊዎች ጀግናው ቤቱ ሲገባ መጽሐፉን ይዘጋሉ። ሰው ግን ከጀብዱ በኋላም በማለዳ ተነሥቶ ሥራ ይሄዳል።

የማዕድን መሐንዲሱ

ሞውሰን በ1882 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተወለደ። ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ በ1902 ተመረቀ። እዚያ ካገኛቸው መምህራን አንዱ የጂኦሎጂው ፕሮፌሰር ኤጅዎርዝ ዴቪድ ነበሩ። ፕሮፌሰር ዴቪድ በዕውቀታቸውም በትሕትናቸውም ስማቸው የሚነሣ ሰው ናቸው። ወጣቱ መሐንዲስ ፊቱን ከማዕድን ጉድጓድ ወደ አለት ጥናት ያዞረው በእሳቸው ተጽዕኖ ነው።

በ1905 በአዴሌይድ ዩኒቨርሲቲ የማዕድናትና የአለቶች ጥናት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከአዴሌይድ ወደ ሰሜን፣ እስከ ብሮክን ሂል የማዕድን ከተማ ድረስ ባለው ደረቅ ምድር ሲዘዋወር አንድ ነገር አሳቡን ያዘው። በዚያ ሐሩር፣ አቧራ በሚጨስበት አገር፣ የጥንት የበረዶ ግግር ጥሎት የሄደ የድንጋይ ክምችት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዝ ድንጋይ ሲያጓጉዝ እንደ ሴት ወይዘሮ ወንፊት እየለየ ነው፤ ከባዱን ቀድሞ ያስቀምጣል፤ አሸዋውን አልፎ፣ ደለሉን ደግሞ ከሁሉ ርቆ ይጥላል። የበረዶ ግግር ግን አይለይም። ቤት የሚያክለውን ቋጥኝ ከዱቄት ጭቃ ጋር ደባልቆ ይነዳል፤ ድንጋዮቹን እርስ በርስ እያፋተገ ይጭራቸዋል፤ ሲቀልጥም ሁሉንም እዚያው ዘርግፎ ይሄዳል። ስለዚህ ያልተበጠረና ጭረት ያለባቸው ድንጋዮች የተቀላቀሉበት አለት ያየ ጂኦሎጂስት፣ ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በቦታው በረዶ እንደ ነበረ ይገምታል። ሞውሰን የሞተውን በረዶ ዱካ አይቷል። አህጉር የሚያለብስ በረዶ በሕይወት ሳለ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ በዓይኑ ማየት ፈለገ። እንዲህ ያለ በረዶ ያለው በአንታርክቲካ ነው።

ዕድሉ የመጣው በ1907 ነው። ኧርነስት ሻክልተን ኒምሮድ በተባለች መርከብ ወደ ደቡብ ሲዘምት ፕሮፌሰር ዴቪድም ሞውሰንም አብረው ሄዱ። በማርች 1908 ከፍታው 3,794 ሜትር የሆነውን ኤሬበስ የተባለ እሳተ ገሞራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጡት ሰዎች መካከል ሁለቱም ነበሩ። ከዚያም ሐኪሙን አሊስቴር ማካይን ይዘው፣ ሦስት ሆነው፣ ወደ ደቡባዊው ማግኔታዊ ዋልታ አቀኑ።

የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው ምድር የምትሽከረከርበትን ዋልታ አይደለም። ምድር ራሷ እንደ ማግኔት ናትና የራሷ ማግኔታዊ ዋልታዎች አሏት። እዚያ ነጥብ ላይ ለዚሁ የተሠራ መርፌ ቢንጠለጠል ወደ ጎን መጠቆሙን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይቆማል። ሦስቱ ሰዎች ያለ ውሻና ያለ ፈረስ፣ ጋሪያቸውን በገዛ ትከሻቸው እየጎተቱ ከኦክቶበር 1908 እስከ ፌብሩዋሪ 1909 ድረስ ደርሶ መልስ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በጃንዋሪ 16 ቀን 1909 ከዋልታው ደረስን ብለው ባንዲራቸውን አውለበለቡ። በኋላ ስሌቱ ሲመረመር ከትክክለኛው ነጥብ ላይ ስለ መድረሳቸው ጥርጣሬ መነሣቱ አልቀረም። ማግኔታዊው ዋልታ ራሱም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዞ ዛሬ ከአህጉሩ ወጥቶ ባሕር ላይ ይገኛል።

ከዚያ ጉዞ የማልረሳው አንድ ወግ አለ። ሞውሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ብርሃን እንዳይነካቸው እየተጠነቀቀ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ሲለውጥ ፕሮፌሰር ዴቪድ ከውጭ ሥራ በዝቶበት እንደሆነ ጠየቁት። አዎን አለ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁት፤ አሁንም አዎን አለ። በመጨረሻ ሊያስቸግሩት እንዳልፈለጉ በትሕትና ገልጠው፣ ነገር ግን በአንድ የበረዶ ስንጥቅ አፍ ላይ በእጃቸው ተንጠልጥለው እንደሚገኙና ብዙም እንደማይቆዩ አስታወቁት! ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ፕሮፌሰር ተማሪያቸውን ሥራ ላለማስፈታት ሲሉ ገደል ላይ ተንጠልጥለው ወረፋ ጠበቁ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋነት የእኛ አገር አረጋውያን ሳይቀሩ የሚያደንቁት ይመስለኛል።

የነፋስ አገር

የሞውሰን የራሱ ዘመቻ በዲሴምበር 1911 አውሮራ በተባለች መርከብ ከሆባርት ወደብ ተነሣ። አሙንድሰንና ስኮት ወደ ዋልታው በሚገሰግሱበት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ሞውሰን ሰዎቹን በሦስት ቦታ አሰፈረ። አንዱን ቡድን በመንገድ ላይ በማኳሪ ደሴት አስቀመጠ፤ ሁለተኛውን ፍራንክ ዋይልድ በተባለው ብርቱ ሰው እየተመራ ወደ ምዕራብ ላከው፤ እሱ ራሱ ከ17 ሰዎች ጋር በጃንዋሪ 1912 ኬፕ ዴኒሰን ብሎ በሰየመው ቦታ ቤት ሠራ። የማኳሪ ደሴቱ ቡድን የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ተከለ፤ በዚያም በኩል ከአንታርክቲካ ወደ ውጭው ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮ መልእክት ተላለፈ።

ቦታውን ሲመርጡት ፀጥ ያለ ቀን ነበር። ኋላ እንደታየው ግን በባሕር ጠረፍ ካሉ የምድራችን ነፋሻማ ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ላይ ነበር የሰፈሩት። በአህጉሩ መካከል ባለው ከፍተኛ የበረዶ አምባ ላይ አየሩ እጅግ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል እንደሚወርድ ጎርፍ በተዳፋቱ ይንደረደራል። ኬፕ ዴኒሰን የዚያ የአየር ጎርፍ መውረጃ አፍ ነው። የዓመቱ የነፋስ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ይህ አማካዩ ነው እንግዲህ! ሰዎቹ ከቤት ሲወጡ ግንባራቸውን ወደ ፊት ደፍተው፣ በነፋሱ ላይ ተደግፈው መራመድ ተማሩ። ነፋሱ ድንገት ቢያቆም በግንባራቸው ይደፉ ነበር።

ዲሴምበር 14

በኖቬምበር 1912 ክረምቱ ሲያልፍ ሰዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ወጡ። ወደ ምሥራቅ እጅግ የሚርቀውን ጉዞ ሞውሰን ራሱ ያዘ። አብረውት የሄዱት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቤልግሬቭ ኒኒስ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ የጦር መኰንን ነበር። ዣቪየር መርትዝ ደግሞ የ30 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ፣ በሙያው የሕግ ሰው፣ በበረዶ ላይ በስኪ በመንሸራተት ባለ ሻምፒዮና ነበር። ሁለቱ ውሾቹን የሚንከባከቡ፣ እርስ በርስም የሚዋደዱ ጓደኛሞች ነበሩ። ውሾቹ የሚጎትቷቸውን ጎማ የሌላቸው የበረዶ ጋሪዎች ይዘው አምስት ሳምንት ያህል ተጓዙ።

እዚህ ላይ አንባቢ የጋሪዎቹን አጫጫን ልብ እንዲል እለምናለሁ። የዚያ አገር ትልቁ አደጋ በረዶው ውስጥ የሚገኘው ጥልቅ ስንጥቅ ነው። አፉን ስስ የበረዶ ድልድይ ይሸፍነዋልና ሜዳ ይመስላል። ሞውሰን እንደ መሐንዲስ አሰበ፤ ድልድዩ የሚደረመሰው ቀድሞ በሚያልፈው ጋሪ ሥር ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ፣ ድንኳኑን፣ አብዛኛውን ስንቅ፣ የውሾቹን ምግብ በሙሉ፣ በኋለኛው ጋሪ ላይ ጫነ። ብርቱዎቹንም ውሾች ለእሱ መደበ። ኋለኛውን ጋሪ የሚነዳው ኒኒስ ነበር።

በዲሴምበር 14 ቀን 1912፣ አሙንድሰን ዋልታ በደረሰ ልክ በዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 1905 መሆኑ ነው፣ ቀኑ ብራ ነበር። መርትዝ በስኪ ከፊት ይሄዳል። ሞውሰን በጋሪው ላይ ተቀምጦ ያሉበትን ኬክሮስ ያሰላል። መርትዝ ስንጥቅ መኖሩን በምልክት አሳየ። ሞውሰን ለኒኒስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስታወቀውና ወደ ስሌቱ ተመለሰ። ኒኒስም ውሾቹን አቅጣጫ አስለውጦ ስንጥቁን ቀጥ ብሎ ሊያቋርጥ ተዘጋጀ። ጥቂት እንደሄዱ መርትዝ ዞር ብሎ ሲያይ ደነገጠ። ሞውሰንም ዞረ። ከራሱ ጋሪ ዱካ በቀር ከኋላው ምንም ነገር አልነበረም።

መርትዝ በስኪ፣ ሞውሰን በጋሪው ላይ ተቀምጦ ነበር ያለፉት፤ ክብደታቸው ተሠራጭቷል። ኒኒስ ግን ከጋሪው ጎን በእግሩ ይራመድ ነበር። የአንድ ሰው እግር የፊተኛው ጋሪ ሸክም ያልሰበረውን ድልድይ ሰበረው። ወደ ጉድጓዱ ሲያዩ ከ45 ሜትር በታች በአንድ እርከን ላይ የቆሰለ ውሻ ያቃስታል። ያላቸው ገመድ ሁሉ ተቀጥሎ እርከኑ ድረስ አልደረሰም። ከሦስት ሰዓት በላይ ተጣሩ። መልስ አልመጣም። የቀብር ጸሎት አነበቡና ፊታቸውን መለሱ።

ከሰፈራቸው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀዋል። የቀራቸው ስንቅ ለአሥር ቀን ያህል የሚበቃ ነው። የድንኳን ልባስ ብቻ ስለ ነበራቸው በስኪና በጋሪ ስባሪ ደግፈው አቆሙት። ለውሾቹ የሚሰጥ ምንም አልነበረም። ስለዚህ ውሾቹን አንድ በአንድ፣ እያረዱ፣ ከፊሉን ለተረፉት ውሾች፣ ከፊሉን ለራሳቸው አደረጉት። የከሳ ውሻ ሥጋ እንደ ጅማት ነው። ለስለስ ያለው ጉበቱ ብቻ ነበር። እሱን እንደ ሲሳይ ቈጠሩት።

በጃንዋሪ መጀመሪያ መርትዝ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። የሁለቱም ቆዳ ተላላጠ፤ ጠጕራቸው ረገፈ። መርትዝ መራመድ ሲያቅተው ሞውሰን በጋሪ ላይ አስተኝቶ ጎተተው። በመጨረሻ አእምሮውን ስቶ ይወራጭ ጀመር። በጃንዋሪ 8 ቀን 1913 ሌሊት በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ሰፈራቸው ገና 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል።

ብቻውን

ሞውሰን በኪስ መጋዝ ጋሪውን ለሁለት ቈረጠ። ከፊተኛው ግማሽ ላይ ከመርትዝ ጃኬት የተሰፋ ሸራ ሰቀለ። ጓደኛውን በበረዶ ጡብ ከልሎ፣ ከጋሪው ስባሪ መስቀል ሠርቶ ተከለለትና ጉዞ ጀመረ።

በጃንዋሪ 11 እግሩ አላራምድ ቢለው ካልሲውን አውልቆ አየ። የሁለቱም እግሮቹ የውስጥ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ ነበር። ቅባት ቀብቶ፣ የተላቀቀውን ቆዳ በቦታው መልሶ አሠረውና በላዩ ካልሲ ደራርቦ ቀጠለ። በ17ኛው ቀን እሱም በተራው ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ። ጋሪው ከላይ ተሰንቅሮ ስለያዘው አራት ሜትር በሚያህል ገመድ ጨለማ ላይ ተንጠለጠለ። ገመዱ ቋጠሮ ነበረው፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ወጣ፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ተደርምሶ እንደገና ወደቀ። ገመዱን ፈትቶ ማረፍ ምን ያህል ቀላል እንደሚሆን በዚያች ሰዓት ማሰቡን ራሱ በኋላ ጽፏል። ግን እንደገና ወጣ። ወጥቶም ለቀጣዩ ጊዜ እንዲረዳው የገመድ መሰላል ሠራ።

በጃንዋሪ 29 በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ የበረዶ ክምር አየ። ሊፈልጉት የወጡ ጓደኞቹ ምግብና ደብዳቤ ትተውለት ነበር። እነሱ ከቦታው የተነሡት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። በፌብሩዋሪ 1 ከሰፈሩ በላይ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ በበረዶ ውስጥ ከቆፈሩት መጠለያ ደረሰ። እዚያም መርከቧ መምጣቷን የሚያበሥር ነገር አገኘ፤ ብርቱካንና አናናስ! ነገር ግን ያ የተረገመ ነፋስ አንድ ሳምንት ሙሉ አላስወጣ አለው። በፌብሩዋሪ 8 ቁልቁለቱን ሲወርድ በአድማሱ ላይ አንዲት ነጥብ ታየችው። አውሮራ ነበረች። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ተነሥታ መሄዷ ነው።

ስድስት ሰዎች እሱን ለመጠበቅ ቀርተው ነበር። መርከቧን በራዲዮ ጠሯት፤ ተመለሰችም፤ ነፋሱ ግን ጀልባ አላስወርድ አለ። ካፒቴኑ ጆን ኪንግ ዴቪስ በስተ ምዕራብ ያሉትን የዋይልድን ሰዎች ሳያነሣ በረዶ እንዳይዘጋበት ሰግቶ ሄደ። ሰባቱ ሰዎች ሌላ አንድ ክረምት እዚያው ከረሙ። በዚያ ጨለማ የራዲዮ ሠራተኛው የሲድኒ ጄፍሪስ አእምሮ ታወከ። የበረዶው አገር ዋጋ የሚያስከፍለው በሞት ብቻ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

ፍርዱ

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሞውሰን በሕይወቱ ሳለም ከሞተም በኋላ ክስ አልቀረለትም። ምግቡን ሁሉ በአንድ ጋሪ ላይ ለምን ጫነ? ኒኒስስ ለምን በስኪ እንዲሄድ አልተደረገም? ከዚህም አልፎ፣ መርትዝን ምግብ ነፍጎት ይሆናል የሚሉ ጸሐፊዎች በቅርብ ዓመታት ሳይቀር ተነሥተዋል።

የመጀመሪያው ክስ ተገቢ ይመስለኛል። የአጫጫኑ አመክንዮ በራሱ ትክክል ነበር፤ ግን ሕይወትን በአንድ አመክንዮ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ትክክል አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ስንቁ ለሁለት ተከፍሎ ቢሆን መርትዝ ቤቱ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። መሪ ነውና ኃላፊነቱ የሞውሰን ነው።

ሁለተኛውን ክስ ግን አልቀበለውም። እርግጥ በመጨረሻዎቹ ቀናት ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱም ሞቷል። ይሁንና ምስክሮች አሉ። መርትዝ ሲታመም ሞውሰን ጥሎት አልሄደም፤ አብሮት በተቀመጠባቸው ቀናት የራሱም ስንቅ ያልቅ ነበር። ምግብ ለመቆጠብ የሚገድል ሰው እንዲህ አያደርግም። ሌላም አለ። ሞውሰን እያንዳንዱን ኪሎ ለመቀነስ ጋሪ እስከ መቍረጥ በደረሰበት ሰዓት የመርትዝን የዕለት ማስታወሻ ደብተር ተሸክሞ አምጥቷል። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው የሟቹን ቃል ከስንጥቅ ስንጥቅ ተሸክሞ አያመጣም።

መርትዝን ምን ገደለው? በ1969 ሁለት አውስትራሊያውያን ምሁራን ምክንያቱ የውሾቹ ጉበት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። የዚያ ዘር ውሻ ጉበት ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ያከማቻል፤ ሲበዛም ቆዳ ያላልጣል፣ ጠጕር ያረግፋል፣ አእምሮ ያውካል። ረኀቡና ብርዱ በራሳቸው በቂ ናቸው የሚሉም አሉ። ጉበቱ ለስላሳ ስለሆነ ለታመመው መርትዝ ብዙውን ሰጥቶት ከሆነ፣ ሞውሰን ጓደኛውን የጎዳው በደግነቱ ነው ማለት ነው። ቫይታሚን የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው በዚያው በ1912 ነበር። ባልታወቀ ነገር ሰው አይፈረድበትም።

በምሥራቁ ጉዞ ያቋረጧቸውን ሁለት ታላላቅ የበረዶ ግግሮች አንዱን ኒኒስ፣ ሌላውን መርትዝ ብሎ ሰየማቸው። ስሞቹ ዛሬም በካርታ ላይ አሉ።

ከጀብዱ በኋላ

ሞውሰን በፌብሩዋሪ 1914 አዴሌይድ ገባ። በዓመት ዘግይቶ የመጣውን እጮኛዋን የጠበቀችውን ፓኪታ ዴልፕራትን በማርች አገባ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ የሰርነት ማዕረግ ሰጠው። ጉዞው ዕዳ ጥሎበት ነበርና ለመክፈል ንግግር እያደረገ ዞረ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1915 በመጽሐፍ አሳተመ። በ1921 በአዴሌይድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂና የማዕድናት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ። እስካሁን «እሱ» ብዬዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ግን መምህር ናቸውና «እሳቸው» ልበል።

ፕሮፌሰሩ ወደ አንታርክቲካ ተመልሰዋል። ከ1929 እስከ 1931 የቀድሞዋን የስኮት መርከብ ዲስከቨሪን ይዘው ዳርቻውን ቃኙ፤ ባንዲራም ተከሉ። አውስትራሊያ ዛሬ ከአህጉሩ 42 በመቶ ይገባኛል የምትለው ለዚህም ነው። ባንዲራ ተክሎ «ይህ የእኛ ነው» ማለት ለእኛ ለአፍሪቃውያን ጥሩ ትዝታ የለውም። የዚያ አገር ነባር ነዋሪዎች ፔንግዊንና አቆስጣ ብቻ መሆናቸው ያጽናናል። ደግነቱ በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ውል የይገባኛል ጥያቄዎችን ሁሉ ባሉበት አስቀምጦ ምድሩን ለሰላምና ለሳይንስ አዋለው።

ዋናው ሥራቸው ግን ሌላ ነበር። የ1911ዱ ዘመቻ ያመጣው የአየር ጠባይ መዝገብ፣ የማግኔት ልኬት፣ የባሕር እንስሳትና የአለት ናሙና በየባለሙያው ተጠንቶ እስኪያልቅ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጀ። የመጨረሻው ክፍል የወጣው በ1947 ነው፤ በጠቅላላው 22 ጥራዝ። ከናሙናዎቹ አንዱ ፍራንክ ቢከርተን በ1912 ያገኘው፣ በአንታርክቲካ የተገኘ የመጀመሪያው ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ፕሮፌሰሩ ሥራውን ለብዙዎች አካፍለው፣ ዕትመቱን ግን እስከ ፍጻሜው ተከታተሉ። እኔ ከስንጥቁ ገመድ ይልቅ ይህ ጽናት ይገርመኛል። ገደል ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለመውጣት መታገሉ ተፈጥሮው ነው። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሒሳብ ማወራረድ ግን ምርጫ ነው።

በየዓመቱም ተማሪዎቻቸውን እየመሩ ወደ ፍሊንደርስ ተራሮች ይወጡ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሬግ ስፕሪግ በ1946 በኤዲያካራ ኮረብቶች እጅግ ጥንታዊ የሆኑ የለስላሳ ፍጡራን ቅርጽ በአለት ላይ ታትሞ አገኘ። ያ የምድር ዘመን ከ2004 ጀምሮ በዚያ ቦታ ስም ይጠራል። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚከተሉትን የጥንት በረዶ አልተዉም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ያ በረዶ አውስትራሊያን ብቻ ሳይሆን መላውን ዓለም የሸፈነ ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ አቀረቡ። አህጉራት ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም ከሚል ግምት ስለ ተነሡ፣ በኋላ አህጉራት እንደሚንሸራተቱ ሲረጋገጥ ክርክራቸው መሠረቱ ተናጋ። አሳባቸው ግን አልሞተም። አለቶች ሲፈጠሩ በውስጣቸው ያሉት የብረት ቅንጣቶች በጊዜው የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ሳይንቲስቶች ያንን አንብበው የአውስትራሊያው በረዶ የወረደው በምድር ወገብ አቅራቢያ መሆኑን ደረሱበት። በወጣትነታቸው በእግራቸው ያሳደዱት ማግኔት በስተርጅና ለቀረበው አሳባቸው ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ፕሮፌሰሩ በ1952 ጡረታ ወጡ፤ በኦክቶበር 1958 በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ከ1984 እስከ 1996 በታተመው የአውስትራሊያ የመቶ ዶላር ኖት ላይ ምስላቸው ነበረ።

የእሳቸው ጥያቄ ወደ እኛም አገር ደርሷል። ከመቀሌ በስተ ሰሜን ከውቅሮ አለፍ ብሎ የሚገኘውን ነጋሽን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመስጊዱና ጥንት ተሰደው በመጡት እንግዶች ታሪክ ነው። በነጋሽ አካባቢ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ሌላ መዝገብ አለ፤ ያልተበጠረ፣ ትልቁና ትንሹ ድንጋይ የተደባለቀበት አለት። ፕሮፌሰሩ በአውስትራሊያ በረሃ ያጠኑት የበረዶ ዘመን ዱካ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ከትግራይ በተገኙ፣ ጂኦሎጂስቶች በተምቤን ስም በሚጠሯቸው አለቶች መካከል ባሉ የእሳተ ገሞራ ንጣፎች ዕድሜ ተመሥርቶ፣ ያ በረዶ የጀመረው ከ717 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት መሆኑን አስልቷል። አንድ አውስትራሊያዊ መምህር ዕድሜ ልካቸውን ለጠየቁት ጥያቄ፣ የጀመረበትን ቀን የነገረን የትግራይ ድንጋይ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ አንባቢ ቢኖር፣ ከመኪናው ወርዶ ድንጋዩን ቢነካው የማይቆጭ ይመስለኛል።